የአብራሪው ቤት የት ይሁን?

ሰው ሁሉ ሁለት ቦታ አለው፤ አንደኛው የሚሠራበት፣ ሁለተኛው የሚያድርበት ነው። ገበሬ የሆነ እንደሆነ ሁለቱ ቦታዎች አጠገብ ለአጠገብ ናቸው፤ በሬውን ከበረት አውጥቶ ማሳው ላይ ለመድረስ ብዙ አይደክምም። የከተማ ሠራተኛ ግን እንዲህ አይደለም። በሥራውና በቤቱ መካከል መንገድ አለ፤ መንገዱም በየቀኑ ከዕድሜው ላይ ጥቂት ጥቂት እየቆረሰ ይወስዳል። በዚህ ጽሑፍ የማወጋችሁ ስለዚሁ መንገድ ነው። ለምሳሌ የመረጥሁት የአይሮፕላን አብራሪን ነው። ምክንያቱም በአንድ ሌሊት ክፍለ ዓለም የሚያቋርጥ ሰው ሃያ ኪሎ ሜትር መንገድ ሲያስጨንቀው ማየት ነገሩን ከሌላ ምሳሌ ሁሉ ይልቅ ግልጥ ያደርገዋል።

እኔ በቡራዩ የምኖር መምህር ነኝ። የማስተምረው አዲስ አበባ ስለሆነ ለብዙ ዓመታት ጎሕ ሳይቀድ ከቤቴ እየወጣሁ በአስኮ በኩል ወደ መኻል ከተማ ተመላልሻለሁ። በዚያ ሰዓት በታክሲ ውስጥ ራሱን በመስኮቱ ላይ አስደግፎ የማያንቀላፋ ተሳፋሪ ጥቂት ነው፤ እኔም ከሚያንቀላፉት አንዱ ነኝ። መምህር ሲደክመው ድምፁ ይሰልላል፣ ጠመኔው ከእጁ ይወድቃል፤ ተማሪዎቹም ይስቁበታል እንጂ የሚጠፋ ነፍስ የለም። የአብራሪ ድካም ግን ከዚህ ይለያል። ከጀርባው የተቀመጡት መንገደኞች በእርሱ ንቃት ተማምነው ተኝተዋል።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከምዕራብና ከሰሜን የሚያዋስኑ ከተሞች ናቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ሦስቱም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ፣ በወጨጫ ተራራ ግርጌ፣ ከመዲናይቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ቡራዩ በአምቦ መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚሰጠው የገፈርሳ ግድብ ያለውም በእርሷ አጠገብ ነው። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጋራ ባሻገር በጎጃም መንገድ ላይ ናት። ብርዷ ጽኑ፣ አየሯም ስስ ስለሆነ ሯጮቻችን ሳንባቸውን ያበረቱባታል፤ ቀነኒሳ በቀለም የመሮጫ ሜዳ ሠርቶባታል። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ግን ከከተማይቱ በስተምሥራቅ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ከየትኛዋም የሚነሣ ሰው ቦሌ ለመድረስ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ግድ ይሆንበታል።

በሌሎች አገሮች አንድ አየር መንገድ ብዙ የሥራ መነሻ ከተሞች ሊኖሩት ይችላል፤ አብራሪዎች «ቤዝ» የሚሉት ይህንን ነው። አብራሪው በሥራ ዘመኑ ብዛት ተራው ሲደርስ የሚፈልገውን ከተማ ይመርጣል። በእኛ አገር ግን ነገሩ የተለየ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ መነሻው የልደታ ሜዳ ነበር። በ1950ዎቹ ጄት አይሮፕላኖች ሲመጡ ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ዛሬ ከመቶ በላይ ወደሆኑ የውጭ አገር ከተሞች የሚሄዱት በረራዎቹ ዋና መነሻቸው ይኸው ቦሌ ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያዊው አብራሪ «የሥራ መነሻዬ የት ይሁን?» ብሎ አይጨነቅም፤ ጭንቀቱ «የት ልደር?» የሚለው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ወዳጄ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ወደ እኔ መጣ። ረዳት አብራሪ ነው። እናቱ በሱሉልታ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከእርሱ በቀር ልጅ የላቸውም። ቦሌ አካባቢ የተከራየው ቤት ከደመወዙ ላይ ብዙውን ይወስድበታል። «ከከተማ ወጣ ብዬ ቤት ብሠራ ምን ይመስልሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «በአፍ ከምንከራከር ሄደን እንለካው» አልሁት። በዕረፍት ቀኖቹ ከሦስቱም ከተሞች እየተነሣን፣ ሰዓታችንን እያየን፣ እስከ ቦሌ በር ድረስ ተጓዝን።

ያገኘነው ውጤት በካርታ ላይ የሚነበብ አልነበረም። ከሱሉልታ ሌሊት በ10 ሰዓት ስንነሣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ያንኑ መንገድ ጠዋት በ1 ሰዓት ስንጀምረው ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብን፤ በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ከባድ መኪኖች ተከታትለው ቆመው ነበርና። ቡራዩ በኪሎ ሜትር የምትቀርብ ብትሆንም አስኮ ላይ የሚገጥመው መጨናነቅ ቅርበቷን ያስረሳል። ከሰበታ በዓለም ገናና በአየር ጤና አድርጎ በቀለበት መንገድ የሚመጣ ሰው በአንድ ቀን ቀድሞ ይደርሳል፤ በሌላው ቀን ደግሞ ከሁሉም ይዘገያል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተረዳን፤ ይኸውም አንዲት ከተማ ከሌላዋ ያላት ርቀት በየሰዓቱ የሚለዋወጥ መሆኑን ነው።

የአብራሪ ሰዓት ደግሞ እንደ ሌላው ሠራተኛ ሰዓት አይደለም። ከቦሌ ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት ብዙዎቹ በረራዎች በጠዋት ይነሣሉ፤ ወደ አውሮፓ የሚሄዱት ብዙዎቹ በሌሊት ይነሣሉ፤ ከሩቅ አገር የሚመለሱትም ብዙዎቹ ንጋት ላይ ያርፋሉ። እስቲ አስሉት። በረራው ጠዋት በ2 ሰዓት ተኩል ነው እንበል። አብራሪው ቀደም ብሎ ተገኝቶ የአየሩን ጠባይ ማጥናት፣ የነዳጁን መጠን መወሰን፣ አይሮፕላኑንም መመርመር ስላለበት በ1 ሰዓት ይደርሳል። ከሱሉልታ የሚመጣ ከሆነ ሌሊት በ11 ሰዓት መነሣት አለበት። ለመታጠብና ለመልበስ ጊዜ ሲጨመርበት ከአልጋው የሚወርደው በ10 ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ለመተኛት ቢፈልግ ማታ በ2 ሰዓት መተኛት ነበረበት። በዚያን ሰዓት የሚተኛ ማን ነው?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ብዙ አብራሪዎች ከሥራ መነሻቸው በጣም ርቀው ይኖራሉ፤ ወደ ሥራቸውም የሚሄዱት በመኪና ሳይሆን እንደ ማንኛውም መንገደኛ በአይሮፕላን ተሳፍረው ነው። በየካቲት ወር 2001 ዓ.ም. ከኒዋርክ ወደ ቡፋሎ ይበር የነበረ የኮልጋን ኩባንያ አይሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። ካፒቴኑ ቤቱ ፍሎሪዳ ነበር፤ ያለፈውን ሌሊት ያሳለፈው በሠራተኞች መቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው። ረዳቱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ከሲያትል ስትጓዝ አድራ በማለዳ ኒዋርክ ደረሰች። መርማሪዎቹ ለአደጋው ዋና ምክንያት ያደረጉት ካፒቴኑ የማስጠንቀቂያውን ምልክት ሲያገኝ የወሰደውን የተሳሳተ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ድካም የሁለቱንም ሥራ ሳይጎዳ እንዳልቀረ ገልጠዋል። ከዚህ በኋላ አገሪቱ የዕረፍት ሕጓን አጠበቀች፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንገደኛ አየር መንገድ አብራሪ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ 8 ሰዓት ሳይቋረጥ የመተኛት ዕድል እንዲሰጠው ተደነገገ።

አሁን የዚህን ሕግ ቁጥር ወደ እኛ መንገድ አምጥተን እንሞክረው። ከ10 ሰዓት ላይ 8ቱ ሲቀነስ 2 ሰዓት ይቀራል። በዚህ በቀረው ሰዓት ውስጥ አብራሪው ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ራቱን ይበላል፣ ይታጠባል፣ ተመልሶም ወደ ሥራው ይመጣል። የመሄጃውና የመመለሻው መንገድ አራት ሰዓት የሚወስድ ከሆነ ግን የጎደለው ሁለት ሰዓት ከየት ይመጣል? ከእንቅልፉ ከመቀነስ በቀር ሌላ ምንጭ የለውም። ሕግ ለሰው የመተኛት ዕድል ሊሰጠው ይችላል፤ የተሰጠውን ዕድል በመንገድ ላይ እንዳያባክነው መጠበቅ ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ታዲያ «ቦሌ ይኑርና ይገላገል» ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያልሁት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ቅርበት ብቻውን ዕረፍት አይሆንም። ሌሊቱን ሲበር ያደረ ሰው የሚተኛው በቀን ነው። በቀን ቦሌ የመኪና ጥሩምባና የግንባታ መዶሻ አያርፍም፤ ሱሉልታ ግን ከከብቶች ድምፅ በቀር ጸጥታ ነው። ከዚህም በላይ ሰው በሐሳብም ያርፋል። እናቱ ብቻቸውን ያሉበት ልጅ አልጋው ቢመች ልቡ አይተኛም። አንድ ቀን ከእርሳቸው ዘንድ ቡና ስንጠጣ ስለ ልጃቸው ሥራ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም እንዲህ አሉኝ፤ «መምህር፣ ልጄ ሰማይ ላይ ሲሆን አልፈራም፤ እዚያ አጠገቡ ጓደኛ አለው። የምፈራው ደክሞት ብቻውን እንጦጦን ሲወጣ ነው።» እኔና ወዳጄ በሰዓት ስንለካ የከረምነውን እርሳቸው በአንድ ቃል ተናገሩት።

ወዳጄ በመጨረሻ እንዲህ ወሰነ። ቤቱን በእናቱ ግቢ በሱሉልታ ሠራ። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ደግሞ በቦሌ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ ማልዶ የሚበር ከሆነ ዋዜማውን እዚያ ያድራል። ሌሊት በርሮ ሲመለስም መሪ አይጨብጥም፤ በክፍሏ ተኝቶ ከተነሣ በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህም ቢሆን ያለ ዋጋ አልተገኘም። የክፍሏን ኪራይ ድርሻ በየወሩ ይከፍላል፤ እርሱ በማይኖርባቸው ሌሊቶች ከእናቱ ጋር የምታድረው የጎረቤት ልጅ ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን እናት ጎረቤት እያላትም ልጇን መጠበቋን አትተውም።

ውሳኔው ለዘለዓለም የሚጸና ነውም አልልም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ በቢሾፍቱ አጠገብ አዲስ ታላቅ አይሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ነው። ልደታን ቦሌ እንደተካው ሁሉ ቦሌን ቢሾፍቱ የሚተካበት ቀን ሲመጣ ከሦስቱ ከተሞች የምትቀርበው ሰበታ ትሆናለች፤ ሱሉልታ ግን ይበልጥ ትርቃለች። ሰው ቤቱን በድንጋይ ይሠራዋል፤ የሥራው ቦታ ግን ይንቀሳቀሳል። ወዳጄም ያን ጊዜ ስሌቱን እንደገና ይጀምራል።

እናንተ ተማሪዎች ነገ ሐኪም፣ መካኒክ፣ ሾፌር ወይም አብራሪ ትሆናላችሁ። ቤት የምትመርጡበትም ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ ሻጩ ወይም ደላላው «ቅርብ ነው» ሲላችሁ በቃሉ አትርኩ፤ ሥራ በምትሄዱበት ሰዓት ራሳችሁ ተጓዙና ለኩት። የቤት ኪራዩን ብቻ ሳይሆን መንገዱ የሚወስድባችሁንም እንቅልፍ ከወጪ ቍጠሩት። ድካማችሁ በማን ላይ እንደሚያርፍም ጠይቁ፤ በራሳችሁ ላይ ብቻ ከሆነ ልትታገሡት ትችላላችሁ፤ የሌላ ሰው ነፍስ በእጃችሁ ካለ ግን ልትታገሡት መብት የላችሁም። አባቶቻችን «ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ» ሲሉ የሰው ዕቅድ ሳይፈጸም የሚቀር መሆኑን ማስታወሳቸው ነበር። ለአብራሪ ግን ይህ አባባል እንደ ቃሉ ሊወሰድ ይገባዋል፤ ሩቅ ለመብረር ያሰበ በዋዜማው ቅርብ ማደር አለበት።