ሞላዋን የወጠርን ቀን

ባለፈው ክረምት ሦስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን አንድ አሮጌ የሣር ማጨጃ ማሽን ገዛን። የምንኖረው ደሴ ነው። ክረምት ሲገባ የግቢው ሁሉ ሣር ጉልበት ይደርሳል፤ በማጭድ የሚያጭድ ሰው ደግሞ እንደ ድሮው አይገኝም። ሐላል ሥራ ነው፣ ብዙ ካፒታልም አይፈልግም ብለን ገባንበት። ማሽኑ ከእኛ በዕድሜ ሳይበልጥ አይቀርም። ሻጩ «ወላሂ ምንም የለበትም» አለን። እውነትም ያን ቀን ምንም አልነበረበትም፤ ገመዱን በሦስተኛው ስንስበው ተነሳ።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ጠባዩ ተለወጠ። ድምፁ ከፍ ይላል፣ ሊጠፋ እስኪመስል ይወርዳል፣ መልሶ ይጮሃል። ባዶ ቦታ ላይ ሲቆም እንደዚህ ነው። ረጅም ሣር ሲገባበት ደግሞ ያቃስትና ጸጥ ይላል። ገመዱን በመሳብ ትከሻችን አለቀ።

ከሦስታችን አንዱ (ማን እንደሆነ አንናገርም፤ ሁላችንም ተስማምተንበታል) ከካርቡራተሩ አጠገብ አንዲት ቀጭን ሞላ አገኘ። በጣት ስትሳብ ሞተሩ እሪ ይላል። «ጉልበቱን የያዘችበት እሷ ናት» አልን። ሞላዋ የተሰካችበትን ቆርቆሮ በፒንሳ አጥፈን ወጠርናት። ማሽኑ ጮኸ፣ መንተፋተፉንም ተወ፤ ሣሩን እንደ ፀጉር ላጨው። ያን ቀን ሁለት ግቢ ጨርሰን መካኒክ የሆንን መሰለን።

በሦስተኛው ቀን አንድ ግቢ ውስጥ እያጨድን ሳለ ጠጠር ተፈናጥሮ የብረቱን በር መታው። ከበሩ ሥር፣ ደረጃው ላይ፣ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው የቤቱ ልጅ ተቀምጦ ነበር። ጠጠሩ ያለፈው ከጆሮው ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ነው። በሩ ጎድጉዷል። እናትየው ሮጣ ወጥታ ልጇን አነሳች። እኛም «ይቅርታ እትዬ፣ ድንጋዩ ሣር ውስጥ ተደብቆ ነው» አልናት። ውሸት አልነበረም። እውነቱ ግን እሱ ብቻ አልነበረም።

አልሐምዱሊላህ ልጁ ምንም አልሆነም። እኛ ግን ሥራውን አቋርጠን፣ ማሽኑን እየገፋን፣ ጀነሬተርና የውኃ ፓምፕ ወደሚጠግኑ አንድ ጎረቤታችን ሄድን። ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። አስነሱት አሉን። ገና ሲጮህ እጃቸውን አወናጨፉ፦ «አጥፉት! ልጓሙን የፈታው ማነው?»

ያኔ ነው የገባን። እንዲህ ያለ ሞተር ውስጥ ገቨርነር የሚባል ነገር አለ። በእኛው ማሽን ውስጥ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከሩ ትንንሽ ክብደቶች አሉ፤ ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ ይከፈቱና የካርቡራተሩን በር ወደ መዝጋት ይገፉታል። ሞላዋ ደግሞ በሩን ለመክፈት ትስባለች። ሣር ሲከብደው ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ክብደቶቹ ይሰበሰባሉ፣ ሞላዋ በሩን ትከፍትለታለች። ማሽኑን የሚነዳው የእኛ እጅ ይመስለን ነበር፤ ለካ ሥራው ሁሉ የዚህ ጉተታ ነው። እኛ ሞላዋን ስንወጥር ጉልበት አልጨመርንም፤ «ይበቃሃል» የሚለውን ነው ያራቅነው።

ጋሼ በከሰል ወለሉ ላይ አስሰሉን። የስለታችን ርዝመት ከጫፍ ጫፍ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። 4,000 ሲገባ 377 ይሆናል። ፍጥነቱ በሢሶ ሲጨምር ስለቱን ለመገንጠል የሚታገለው ኃይል ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከዚያ በኋላ ማናችንም አልተናገርንም።

ታዲያ ያ መንተፋተፍ ከየት መጣ? መጀመሪያ ሞላዋን ወደ ቦታዋ መለሱ። ማሽኑ እንደገና ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ቾኩን በግማሽ ሲዘጉት ግን ድምፁ ረጋ። «አያችሁ? ቾክ አየሩን ሲቀንስለት ከተሻለው፣ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው፤ ወይም የሆነ ቦታ አየር ይሰርቃል።» ለካ ቤንዚን ሲያንሰው ይደክማል፤ ሲደክም ገቨርነሩ በሩን ይከፍትለታል፤ ይነሳል፤ ሲነሳ ይዘጋበታል፤ ተመልሶ ይራባል። እኛ የሰማነው ድምፅ የረሃብ ነበር።

የጋኑን ክዳን ፈታ አድርገው ሞከሩት። የክዳኑ መተንፈሻ ቢደፈን ቤንዚኑ አይወርድም ነበርና፤ ለውጥ የለም። ካርቡራተሩን ፈቱ። ሥሩ ላይ የውኃ ጠብታና ቡናማ ዝቃጭ ተኝቷል። ጄሪካናችን ነው ጉዱ፤ ክዳን ጠፍቶበት በፌስታል ስንደፍነው የከረምን። ቀጭኗን የቤንዚን ቀዳዳ በመርፌ ልንጠርግ ስንል እጃችንን መቱን። መርፌ ቀዳዳዋን ያሰፋታል። ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር መዝዘው በእሷ ጠረጉ፣ ከዚያ በአየር ነፉት። የአየር ፍልትሮውን አጥበን አደረቅን። ማሽኑ በአንድ ድምፅ ቆመ።

ጉልበቱ ግን ያን ያህል አልጨመረም። ለዚህም ምክንያት አለው። ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከአቅሙ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከአቅሙ ሩቡ የለም ማለት ነው፤ ሞላ ስለተወጠረ አይመለስም። ስለቱን ሞርደን፣ ጎማዎቹን ከፍ አድርገን፣ ረጅሙን ሣር በሁለት ዙር ማጨድ ነው ያለብን። (ስለቱን ከመንካታችሁ በፊት የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። ጋሼ ይህን ሳንጠይቃቸው አራት ጊዜ ነግረውናል።)

ወደዚያች ሴት ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጀብን። አንዳችን «ምንም ስላልተፈጠረ ለምን እናስደነግጣታለን?» ብሎ ነበር። ሄድን። ሞላዋን እንደወጠርን፣ ልጁም እዚያ ተቀምጦ ሳለ ማስነሳት እንዳልነበረብን ነገርናት። ዝም ብላ ሰማችን። በሩን እናስተካክላለን ስንላት «በሩስ ይቆይ» አለች። ከዚያም ልጁን ጠርታ ቤት አስገባችውና የግማሹን ግቢ ሣር አሳየችን።

ከመጀመራችን በፊት ግቢውን ዞረን ጠጠር ለቀምን፤ ግማሽ ባልዲ ሞላ። ልጁ መስኮት ላይ ተለጥፎ እስክንጨርስ ሲያየን ዋለ።