ከጊደር መጋላ ወደ ፍል ውሃ

በሐረር ከተማ፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ አንድ የታወቀ ገበያ አለ። ስሙ ጊደር መጋላ ነው። በአማርኛ ጊደር የምንላት ላም ልትሆን የደረሰችውን ጥጃ ነው። የገበያው ስም ግን ከእርሷ ጋር አይገናኝም። በሐረሪ ቋንቋ ጊደር ማለት ትልቅ ማለት ነው። መጋላ ማለት ደግሞ ገበያ ማለት ነው። እንግዲህ ጊደር መጋላ ትልቁ ገበያ ማለት ነው።

ጀጎል ጥንታዊ ግንብ ነው። አምስት የቆዩ በሮች አሉት። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከግንቡ ውጭ ካሉት ቀበሌዎች ገበሬዎች እህል፣ ሽንኩርት፣ ድንችና ቅመም ይዘው ይገባሉ። ሥጋ ቤቶቹ አጠገብ ጭላቶች ከላይ ይዞራሉ። ሥጋ በእጁ አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ቀና ብሎ ካላየ ጭላቷ ነጥቃው ትሄዳለች። ስለዚህ የጊደር መጋላ ሰው ሥጋውን ሸፍኖ ይሄዳል።

ገበያ ወሬም ይሸጣል ይባላል። በዚህ ዓመት በጊደር መጋላ የሰማነው ወሬ የፍል ውሃ ወሬ ነው። መከር ሲያልቅ ወደ ፍል ውሃ ለመሄድ የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። እኛም ስለዚህ ጉዞ ለመጻፍ አሰብን። መንገዱ እንዴት ነው? ምን ያህል ገንዘብ ይዞ መሄድ ይገባል? ውሃውስ ማንን ይጠቅማል? ማንንስ ይጎዳል?

በሩቅ አገር ያለው ልማድ

ለመዝናናትና ለጤና ብሎ መጓዝ በዓለም ሁሉ ያለ ነገር ነው። በአውሮፓ ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት የብርድ ወራት ናቸው። በተራሮች ላይ ጥጥ የሚመስል በረዶ ይከመራል። የከተማ ሰዎች ገንዘብ አጠራቅመው ወደ ተራራው ይወጣሉ። በእግራቸው ላይ ረጅምና ቀጭን ሳንቃ ያስራሉ። ይህ ሳንቃ ስኪ ይባላል። በስኪ ከተራራው ላይ እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። ማታ ደግሞ ድካማቸውን በሙቅ ውሃ ያወጣሉ።

ስኪ ለኢትዮጵያዊ ፈጽሞ እንግዳ ነው እንዴ? አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም የሚባል አዲስ አበባ የተወለደ ሰው አለ። በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያ ስኪ ተማረ። በ1998 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር፣ በቶሪኖ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ 15 ኪሎ ሜትር በስኪ ተወዳደረ። በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሱ ነው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ አገር፣ በቫንኩቨር ተወዳድሯል።

ታዲያ በእኛ ተራራ ላይ ስኪ መንሸራተት ይቻላል? ከሐረር በስተምዕራብ ያለውን ጋራ ሙለታን እንመልከት። ከፍታው ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የጋራ ሙለታ ጫፍ ከሐረር 8 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሌሊት ውርጭ ሊጥል ይችላል። ግን አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ጠዋት ውርጩ ይጠፋል። ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው በራስ ዳሽን እንኳ በረዶ ቢጥል ብዙ አይቆይም። ስኪ የሚፈልገው ሳይቀልጥ ለወራት የሚቆይ በረዶ ነው። እሱ የለንም።

ፍል ውሃ ግን አለን

ከተራራው በረዶ ይልቅ የእኛ ሀብት ከምድር ውስጥ የሚወጣው ሙቅ ውሃ ነው። አገራችንን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሰነጥቅ ትልቅ ስምጥ ሸለቆ አለ። በዚህ ሸለቆ ውስጥ የምድር ሙቀት ወደ ላይ ቀርቦ ይገኛል። የዝናብ ውሃ በመሬት ስንጥቅ ወደ ታች ይሰርጋል። እዚያ ይሞቃል። ከዚያ ተመልሶ ይፈልቃል። ፍል ውሃ የሚባለው ይህ ነው።

ሶደሬና ወንዶ ገነት በዚህ የታወቁ ናቸው። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ምክንያት ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ። ከዚያ መኳንንቱም ሠሩ። ከተማዋ አደገች።

ለሐረር ሰው ቅርብ የሆነው የኤረር ፍል ውሃ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኤረር የሚባል ስም ሁለት ቦታ አለ። ከሐረር በስተምሥራቅ፣ ወደ ባቢሌ ስንሄድ የምናገኘው የኤረር ሸለቆ አንዱ ነው። ፍል ውሃው ያለው ግን በሌላኛው ኤረር ነው። እሱ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በአሮጌው የባቡር ሐዲድ መስመር ላይ፣ በሶማሌ ክልል ውስጥ ይገኛል። “ኤረር ውሰዱኝ” ብሎ ዝም ማለት ወደ ሌላ አገር ያደርሳል። “ከድሬዳዋ ወዲያ ያለው ኤረር፣ ፍል ውሃው” ብላችሁ ጠይቁ።

የአንዲት እናት ጥያቄ

በጊደር መጋላ ሽንኩርትና ድንች የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ማታ ማታ ከእኛ ጋር ፊደል ይቆጥራሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የስኳር በሽታም አለባቸው። ወደ ፍል ውሃ ለመሄድ የምትታለበውን ፍየል ሊሸጡ አሰቡ። ባላቸው አልተስማሙም።

“ውሃ ለማየት ወተት ይሸጣል እንዴ?” አሉ።

“ጉልበቴ ከተያዘ ፍየሏን ማን ያግዳታል?” ሲሉ እሳቸው መለሱ።

አንዲት ጎረቤት ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩ። “ፍል ውሃው ስኳሩንም ያጥበዋል፤ ኪኒኑን ተይው” አሏቸው።

ይህ ምክር አደገኛ ነው። እኛ ሐኪም አይደለንም። ስለዚህ አብረናቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። የጤና ባለሙያዋ የእግራቸውን ጣቶች በቀጭን ነገር ነካ ነካ አደረገቻቸው። “ሲነካዎት ይንገሩኝ” አለች። በሁለት ጣቶቻቸው ላይ ምንም አልተሰማቸውም።

“እማማ፣ ስኳር የእግርን ስሜት ያደነዝዛል” አለቻቸው። “ውሃው ቢያቃጥልዎ እግርዎ አይነግርዎትም። ቁስል ከሆነ ደግሞ ቶሎ አይድንም።”

“እግሬ ሳያውቅ ይቀቀላል በይኛ!” ብለው ሳቁ። ግን ነገሩ ገባቸው።

ባለሙያዋ አትሂዱ አላለችም። ሙቅ ውሃ የደነደነ ጡንቻንና የተያዘ መገጣጠሚያን ለጊዜው ያላላል፤ ሕመም ይቀንሳል አለች። ስኳርን፣ የሳንባ ነቀርሳንም ሆነ ሌላ እንዲህ ያለ በሽታን ግን አያድንም። ኪኒኑ አንድ ቀን እንኳ አይቋረጥም። ወደ ውሃው ከመግባታቸው በፊት ልጃቸው በክርኗ ትለካለች። የደነዘዘው እግር ግን በሙቁ ውሃ ውስጥ አይነከርም። ለጉልበታቸው በውሃው የተነከረ ጨርቅ ይበቃል።

ከዚያ ቤተሰቡ ተቀምጦ ሒሳብ ሠራ። ፍየሏ እንዳትሸጥ ተስማሙ። ጉዞው ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ እንዲሆን ወሰኑ። እስከዚያ ከየገበያው ቀን ጥቂት ጥቂት ይቆጥባሉ። የሚቆጠበውን በደብተር የሚጽፉት ራሳቸው እናቲቱ ናቸው። ባላቸውም “እኔ ሽንኩርቱን እሸጣለሁ፤ እናንተ ሂዱ” አሉ።

መንገዱ

ከሐረር እስከ ድሬዳዋ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው መጀመሪያ አወዳይን ያልፋል። አወዳይ የጫት ገበያ ነው። ቀጥሎ ሐሮማያ ይመጣል። የሐሮማያ ሐይቅ ለሐረር የመጠጥ ውሃ ይሰጥ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደረቀ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው መመለስ ጀምሯል። ሲያልፉ በመስኮት ተመልከቱት። ውሃ እንደሚሄድና እንደሚመለስ ያስተምራል።

ከዚያ ደንገጎ ይደረሳል። ከደንገጎ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላ ይወርዳል። መኪና የሚያቅለሸልሸው ሰው ከፊት ይቀመጥ። ብዙ በልቶም አይሳፈር። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከሐረር ይልቅ ትሞቃለች። ጋቢውን እዚህ ማጠፍ ነው።

ድሬዳዋን ያቆማት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር። ተራራው ከባድ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ በቆላው አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ኤረርም በዚያ መስመር ላይ ካሉት ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። ዛሬ ከድሬዳዋ ወደ ኤረር የምንሄደው በመኪና ነው። ርቀቱ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

መቼ እንሂድ?

ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ያኔ ቆላው ቀዝቀዝ ይላል። ዝናቡም ትንሽ ነው። የመከር ሥራም ያልቃል። በግንቦትና በሰኔ ቆላው ያቃጥላል። በዚያ ላይ ሙቅ ውሃ መግባት ሰውነትን ያደክማል።

በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጎርፍ ያሰጋል። በቆላ አገር ወንዙ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይታያል። ሰማዩም ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ግን ዝናቡ በደጋው ላይ ይዘንብና ጎርፉ በድንገት ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን መታ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ በደረቅ ወንዝ ውስጥ አትደሩ። ዕቃችሁንም አታስቀምጡ።

ወጪውን እንጻፍ

ደብተር አውጡ። መጀመሪያ ጉዞውን ቁጠሩ። ከሐረር ድሬዳዋ አንድ መኪና ነው። ከድሬዳዋ ኤረር ሌላ መኪና ነው። መሄጃው ሁለት ሆነ። መመለሻውም ሁለት ነው። ለአንድ ሰው 4 ጊዜ ይከፈላል። ሦስት ሰዎች ቢሆኑ 3 ጊዜ 4፣ 12 ጊዜ ይከፈላል። የእያንዳንዱን ዋጋ መነኻሪያ ጠይቃችሁ ጻፉ።

ቀጥሎ ማደሪያውን ጻፉ። ከዚያ ምግቡን፣ የመታጠቢያ ክፍያ ካለም እሱን ጻፉ። በመጨረሻ ለክፉ ቀን የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ። የመመለሻው ገንዘብ ከሌላው ጋር አይቀላቀል። በሌላ ኪስ ይሁን።

ከጊደር መጋላ ስንቅ መግዛት ወጪ ይቀንሳል። ቆሎና ቴምር አይበላሽም። የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ያዙ። ፍል ውሃው ለመጠጥ አይደለም። ነጠላ ጫማ፣ ፎጣና አጎበር አትርሱ። ቆላው ወባ አለበት። በመርፌ የሚወሰድ የስኳር መድኃኒት ያለው ሰው ሙቀት እንዳያበላሸው ይጠንቀቅ። በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ቢያኖረው ይቀዘቅዛል። ከመነሣታችሁ በፊትም የመንገዱን ደኅንነት ጠይቁ።

ከውሃው ስንደርስ

የአገሩን ሰው ሰላም በሉ። የወንዶችና የሴቶች ተራ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ፍል ውሃ ከምንጩ አጠገብ ሊያቃጥል ይችላል። ራቅ ብሎ ከቀዘቀዘበት ግቡ። መጀመሪያ በክርን ለኩ። ቀስ ብላችሁ ግቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከ15 ደቂቃ አትለፉ። ራስ ከዞረ ወይም ልብ በኃይል ከመታ ወዲያው ውጡ፤ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ውሃ ጠጡ። እርጉዝ ሴት፣ የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ ሳይጠይቅ አይግባ። ቁስል ያለበት ሰው አይግባ። ሕፃናትን ብቻቸውን አትተዉ።

ዕረፍት ለሀብታም ብቻ የተሰጠ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ያረሰና የተሸከመ ሰውነትም ዕረፍት ይገባዋል። ቀኑን ቆርጦ፣ ወጪውን ጽፎ፣ መድኃኒቱን ይዞ የሄደ ሰው ፍየሉንም ጤናውንም ይዞ ይመለሳል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሁለቱ ኤረሮች የት የት ናቸው?
2. እናቲቱ ኪኒናቸውን ቢተዉ ኖሮ ምን ይደርስባቸው ነበር?
3. ለ5 ሰዎች ስንት ጊዜ የመኪና ይከፈላል? በደብተራችሁ ሥሩት።
4. በደረቅ ወንዝ ውስጥ ማደር ለምን ያሰጋል?
5. እናንተስ ከመከር በኋላ የት መሄድ ትፈልጋላችሁ? ቀኑንና ወጪውን ጻፉ።