የት ነበርን?

ቶናውን ልቅዳልህ ወዳጄ፤ ስኳሩ ካንተ ጋ ነው። ምን እያልን ነበር? አዎ፣ ስለ ልጅነት ትምህርት ቤታችን። የእኔ ክፍል መስኮቱ ወደ አስፋልቱ ነበር። ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና እያቃሰተ ዳገቱን ሲወጣ የሒሳብ መምህራችን ጠመኔያቸውን ሰሌዳው ላይ እንደያዙ ይቆማሉ። መኪናው ሲያልፍ ዘወር ብለው «የት ነበርን?» ይሉናል። ማን ያስታውሳል! ልባችን ከመኪናው ጋር ዳገቱን ወጥቷል።

«ልጅ ነው፣ ይለምደዋል» ይባል ነበር። እውነት ይለምደዋል?

አርሊን ብሮንዛፍት የሚባሉ የሥነ ልቦና መምህርት በኒውዮርክ፣ በማንሃተን ሰሜን ጫፍ፣ ይህንኑ ጠይቀዋል። እዚያ በድልድይ ላይ የተዘረጋ ሐዲድ አጠገብ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ባቡሩ በየ4 ደቂቃ ተኩሉ ገደማ ያልፍ ነበር፤ ጩኸቱም ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆይ ነበር። እስቲ አብረን እናስላው፤ በ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 10 ባቡር፣ 5 ደቂቃ። «5 ደቂቃ ምን አላት?» ትለኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ጥናታቸው ግን በሐዲዱ በኩል የሚማሩት ልጆች በንባብ ወደ ኋላ መቅረታቸውን አሳየ። 6ኛ ክፍል ሲደርሱ ልዩነቱ ወደ አንድ ዓመት ተጠግቷል። ሕንፃው አንድ፣ ሰፈሩ አንድ፤ የተለየው መስኮቱ የሚያይበት አቅጣጫ ነው።

እናቴ ጥጥ ስትፈትል ታስታውሳታለህ? ክሩ ሲበጠስባት ትቀጥለዋለች። የተቀጠለበት ቦታ ግን በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ትምህርትም እንዲሁ ይመስለኛል። የሚጎዳው የጠፋው ደቂቃ ብቻ አይደለም፤ የተበጠሰው ሐሳብ ጭምር ነው። ለመደ የምንለው ልጅም ለጩኸቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ሲጀምር የመምህሩን ድምፅ አብሮ እንዳይሸኘው እፈራለሁ።

ባቡር ብቻ እንዳይመስልህ። በባርሴሎና 38 ትምህርት ቤቶች ከ7 እስከ 10 ዓመት የሆናቸው 2,680 ልጆች ተጠንተው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ፣ የመኪና ጩኸት በበረታባቸው ትምህርት ቤቶች ልጆቹ መረጃን በአእምሯቸው ይዘው የመሥራት ችሎታቸው ቀስ ብሎ ሲያድግ ታየ። ክፍል ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ደግሞ ሌላ ችግር ሆኖ ተገኘ። ያ ዳገት ላይ የሚያቃስት ኤንትሬ ትዝ አላለህም?

ደስ የሚለኝን ልንገርህ። የኒውዮርኩ ባቡር አልቆመም። ሐዲዱ ሥር ላስቲክ ገባ፤ የክፍሎቹ ጣሪያ ድምፅ በሚመጥ ንጣፍ ተሸፈነ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ሁለተኛ ጥናት የሁለቱን ወገን ልጆች ንባብ እኩል አገኘው። ላስቲክና ጣሪያ፣ በቃ!

እኔማ አሁን ታክሲ ውስጥ ሆኜ በትምህርት ቤት በር ስናልፍ፣ «ወንድሜ፣ ክላክሱን ተወው፤ ልጆች እየተማሩ ነው» እለዋለሁ። ብዙዎቹ እሺ ይሉኛል።