ታንኳው አዳራሽ ገብቷል፣ ሠሪውስ?

ባሕር ዳር ውስጥ ዐውደ ርእይ እንደ ፍራፍሬ ወቅት አለው። አብዛኛውን ጊዜ ከበዓል ጋር ተያይዞ ይመጣል፤ ለእንቁጣጣሽ፣ ከገና እስከ ጥምቀት እንግዳ በሚበዛበት ሰሞን፣ አንዳንዴም ለዒድ ከባዛሩ ጎን። እኛ ከዐስር ሶላት በኋላ ሐይቁን ዳር ይዘን መሄድ የለመድን ጥቂት ጓደኛሞች ነን። አዳራሽ ተከፍቶ ካገኘን እንገባለን። መግቢያ የማያስከፍል ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ እንገባለን።

አንዳንድ ወንድሞች «ሥዕል ማየት በሸሪዓ እንዴት ነው?» ይሉናል። ሕይወት ያለውን ፍጡር ስለመሣል ዑለሞቻችን ብዙ ብለዋል፤ ለጠያቂው ኡስታዞቹ አሉ። የዛሬው ጉዳያችን ግን ሣር ነው። ደንገል።

ባለፈው ወቅት ባየነው ዐውደ ርእይ ታንኳ የሌለበት ግድግዳ አልነበረም። ታንኳ በጀምበር መጥለቂያ፣ ታንኳ በጭጋግ ውስጥ፣ ታንኳ ከዘጌ ፍልጥ ጭኖ ሲመጣ። አዳራሹ መሐል ደግሞ እውነተኛው ታንኳ በእንጨት መቆሚያ ላይ ተጋድሟል። ከየሥዕሉ ሥር የሠዓሊው ስም፣ የቀለሙ ዓይነትና ዋጋው ተጽፏል። ከታንኳው ሥር የተጻፈው ግን «ታንኳ፣ ጣና ሐይቅ» የሚል ብቻ ነው። ማን እንደሠራው ስንጠይቅ አስጎብኚዋ ልጅ በቅንነት «የአካባቢው ሰዎች ናቸው» አለችን። የአካባቢው ሰዎችማ እኛም ነን። ከመካከላችን ግን አንዲት እስር ደንገል አጥብቆ ማሰር የሚችል የለም።

ሠሪዎቹ ስም አላቸው፣ ነገደ ወይጦ ይባላሉ። በጣና ዳር የኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። ቀድሞ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። አባቶቻቸው ዓባይን ተከትለው ከግብፅ እንደመጡ የሚናገሩም አሉ። ዱሮ ጉማሬ ያድኑ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ክርስቲያኑ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን ሌላው ሙስሊምም ሥጋውን ስለሚበሉ በማዕድ ሲሸሻቸው፣ በጋብቻ ሲርቃቸው ኖሯል። በአንድ ሰፍ ትከሻ ለትከሻ የቆሙ ሰዎች ከሶላት በኋላ በአንድ ትሪ ካልበሉ ምን እንደሚባል አንባቢው ያውቀዋል። የጉማሬ አደኑ ቀርቶ ስንት ዓመቱ፤ መሸሹ ግን በየሰፈሩ ዛሬም ርዝራዥ አለው።

ሐይቁ ዳር አንድ ሽማግሌ ታንኳ ሲያስሩ አገኘናቸው። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ደርቋል፤ እርሳቸው በእግራቸው ረግጠው በእጃቸው እየሳቡ እስሩን ያጠብቃሉ። «አባባ፣ አንዱ ስንት ጊዜ ያገለግላል?» አልናቸው።

«ደንገል ውሃ ይጠጣል ልጆቼ። ሲጠጣ ይከብዳል፤ ጎትታችሁ ታወጡታላችሁ፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ እንደገና ይገባል። ጥቂት ወር ካገለገለ አልሐምዱሊላህ ነው። ከዚያ ሌላ ይታሰራል።»

አዳራሽ ውስጥ ስላለው ታንኳ ነገርናቸው።

«ውሃ አይገባም? እንዲያማ ከሆነ ጭራሮ ነው» ብለው ሳቁ።

ሳቃቸው ውስጥ ትልቅ ነገር አለ። የብራና መጽሐፍ በሳጥን ተዘግቶበት መቶ ዓመት ይቆያል። ሐረር ላይ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ቤታቸው መሰብሰብ የጀመሩት ቅርስ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ቆሟል፤ የእጅ ጽሑፉም፣ ሳንቲሙም፣ ጌጡም መቀመጥ ስለሚችል ነው። ታንኳ ግን አይቀመጥም። ሊቀመጥ የሚችለው የሚያስረው እጅ ነው፤ እጅ ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ ካልተላለፈ አበቃ።

ቶር ሄየርዳል የተባለውን ኖርዌያዊ የሚያውቅ አለ? በ1969 እ.ኤ.አ. ከጣና ደንገል አስጭኖ ወሰደ። «ራ» የተባለችውን ጀልባ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች አሠርቶ ከሞሮኮ ወደ አትላንቲክ ወጣ፤ ጀልባዋ ግን ካሪቢያን ሳትደርስ ውሃ አሸነፋት። በዓመቱ አሁንም በኢትዮጵያ ደንገል «ራ ሁለት»ን ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ቦሊቪያውያን እጅ አሠራ። ይህቺኛዋ ውቅያኖሱን በ57 ቀን አቋርጣ ባርባዶስ ገባች። ዛሬ ኦስሎ ከተማ በኮን-ቲኪ ሙዚየም ትታያለች። ከሠሪዎቿ መካከል ዲሜትሪዮ፣ ሁዋንና ሆሴ ሊማቺ ይገኙበታል፤ ይኸው ስማቸውን እኛም ባሕር ዳር ሆነን እንጠራዋለን። ደንገሉን ያበቀለው ሐይቅ ዳር ያለው ሠሪ ግን በገዛ ከተማው አዳራሽ «የአካባቢው ሰዎች» ተብሎ አለፈ።

ደንገሉም ቢሆን እንደ ዱሮው አይደለም። ዩኔስኮ ጣናን በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። መዝገቡ ግን እንቦጭን አያቆምም፤ እርሻውና ግንባታውም ወደ ውሃው መጠጋታቸውን አልተዉም። ደንገል የሚያድገው እዚያው ውሃና መሬት በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው፤ ሁሉም የሚሻማው ያንኑ ጠርዝ ነው። ሴቶቹ በደንገል የሚሠሩትን ቅርጫት ለመሸጥ ዱሮ ከሚያጭዱበት ርቀው መሄድ ግድ ሆኖባቸዋል። ወጣቶቹ ደግሞ «የወይጦ ልጅ» መባልን ሸሽተው የቀን ሥራ ይመርጣሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የሚደነቅ፣ ሰፈር ውስጥ ሲሠሩት የሚያሰድብ ሙያ ማን ይወርሳል?

ለሚቀጥለው ወቅት አዘጋጆቹን አናግረናል። የጠየቅነው ሽማግሌው አዳራሹ ውስጥ፣ ሰው እያያቸው፣ ታንኳ እንዲያስሩ ነው። እርሳቸው የእኛን ያህል አልተጣደፉም፤ ቅድመ ሁኔታ አላቸው። ዓሣ ሳያወጡ ለሚውሉበት ቀን ሁሉ ይከፈላቸው። የእርሳቸው ስም ብቻ ሳይሆን ቅርጫቱን የሚሠሩት የባለቤታቸውም ስም ይጻፍ። ልጃቸው አብሯቸው እንዲያስር ይፈቀድ፤ እርሱ ካልመጣ እርሳቸውም አይመጡም። ዐውደ ርእዩ ሲዘጋ ደግሞ ታንኳው ወደ ውሃ ይመለስ።

አዘጋጆቹ ሦስቱን ተቀብለዋል። አራተኛው ላይ ግን፣ ታንኳው በወጪ ከተገዛ በኋላ እንዴት ተብሎ ሐይቅ ይገባል፣ ንብረት ክፍል ይጠየቅ ተብሏል። እየጠበቅን ነው።