ጡቴን ካጣሁ በኋላ የወሰንኩት

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣችኝ ባለፈው ወር ከአምልኮ በኋላ እጄን ይዛ ወደ ጥግ የወሰደችኝ እህት ናት። «ሐኪሙ ጡት እንሥራልሽ ወይስ ይቅር ብሎ ጠየቀኝ፤ አንቺ ምን አድርገሽ ነበር?» አለችኝ በሹክሹክታ። የዕረፍት ሰዓቷ ሊያልቅ ስለነበር ብዙ አላወራንም። ስለዚህ ለእሷም ለሌሎቻችሁም የሆነውን ልንገራችሁ።

ቤሩት ከመጣሁ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሥራዬ የማዳምን እናት መንከባከብ ነው። ቤቱ ሁሉ ቴታ ይላታል፣ እኔም እንደዚያው። ቴታ በራሷ መነሣት አትችልም፤ ጠዋት ከአልጋ፣ ቀን ከወንበር፣ ማታ ከመታጠቢያ ቤት የማነሣት እኔ ነኝ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ገላዬን ስታጠብ በግራ ጡቴ ላይ ሽምብራ የምታህል እብጠት አገኘሁ። ስለማታመኝ ሦስት ወር ዝም አልኩ። ይህን ሞኝነቴን እናንተ አትድገሙት። በመጨረሻ ለማዳም ስነግራት በማግሥቱ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ካንሰር ነው፣ ጡቱ መውጣት አለበት፣ ኬሞና ጨረርም ይከተላል ተባልኩ።

የእኔ ዐረብኛ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው። ስለ ሽንኩርትና ስለ ብረት ድስት የፈለጋችሁትን እናገራለሁ፤ ስለ ጡቴ ግን አፌ ተሳሰረ። ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ስለነበር በወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳኝ። በሲሊኮን ከረጢት ከሆነ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ቆዳውን ቀስ በቀስ የሚወጥር ፊኛ መሰል ነገር ይገባል፣ ኋላ በሌላ ቀዶ ሕክምና በሲሊኮኑ ይለወጣል። ከረጢቱ የዕድሜ ልክ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል። እኔ ደግሞ ጨረር ስለሚጠብቀኝ የመጠንከርና የመመርቀዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል አለኝ። ሌላው መንገድ ከሆድ ቆዳና ስብ ወስዶ ጡት መሥራት ነው። እሱ የራስ ሥጋ ነው፣ ከጨረርም ጋር የተሻለ ይስማማል። ቀዶ ሕክምናው ግን ረጅም ነው፣ ሆድም ይቀደዳል፣ ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሣት አይቻልም። ሁለቱንም ትቶ ደረቱን ጠፍጣፋ አድርጎ መዝጋትም አለ። አንዳንድ እህቶች «ፕላስቲኩ በሽታውን ይመልሰዋል» ብለውኝ ነበርና ይህንንም ጠየቅኩት። ጡት ማሠራት ካንሰሩን አይመልሰውም አለኝ። እንግዲህ በዚያ መፍራት አያስፈልግም።

ማዳም መልካም ሴት ናት፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ጡቱ የወጣበትን ቀዶ ሕክምና ሚስተር ነው የከፈለው፤ የኢቃማው ኢንሹራንስ አይሸፍንም ስላሉን። የማዳም እህትም ጡቷን አሠርታለች። «ገና ሠላሳ አራት ዓመትሽ ነው፣ ታገቢያለሽ። እኔ እከፍላለሁ፣ አንቺ ቀስ እያልሽ ከደመወዝሽ ትመልሻለሽ» አለችኝ። ያ «ቀስ እያልሽ» የሚለው ቃል ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። በጣቴ ሳሰላው ከሁለት ዓመት በላይ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ እናቴ ብትታመምብኝ «ልሂድ» ለማለት ምን አፍ ይኖረኛል? ደረቴ ላይ የሚቀመጠው ዕዳ እንጂ ጡት አልመስል አለኝ። እሷ በፍቅር እንዳለችው አውቃለሁ። ቢሆንም የሰው ቤት ሠርታ የምታድር ሁሉ ይህ ስሜት ይገባታል።

እናቴን ደሴ ደወልኩላት። አልቅሳ ስታበቃ «ጎረቤት እንዳይሰማ፤ ስትመጪ እንዳይታወቅብሽ አሠሪው» አለችኝ። አራት ዓመት በስልክ ስንጫጭ የኖርን አንድ ሰው ነበረኝ፤ ለእሱም ነገርኩት። ሦስት ቀን ጠፍቶ «የፈለግሽውን አድርጊ» ብሎ ጻፈልኝ። ፍቅር ይሁን ስንብት አልለይ አልኩ። አሁን አንደዋወልም። በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ አላውቅም።

የወሰንኩት ቴታን ሳነሣት ነው። እጆቿን አንገቴ ላይ ጠምጥማ ሙሉ ክብደቷ በሆዴና በደረቴ ላይ ሲያርፍ፣ ሆዴ ተቀድዶ ይህን መቼ ልሠራው ነው አልኩ። ጡት ማውጣቱ ብቻውንም ሳምንታት ያሳርፋል፤ በዚያ ላይ ሌላ መጨመር አልፈለግኩም። ደግሞ ሐኪሙ «ዛሬ እንቢ ብትዪ ከዓመታት በኋላም ሊሠራ ይችላል» ብሎኝ ነበር። በሩ እንዳልተዘጋ ማወቄ ልቤን አሳረፈው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አንዳንድ ሐኪሞች «ምናልባት ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል» ብለው ትርፍ ቆዳ ይተዋሉ፤ እሱም ታጥፎ ይንጠለጠላል። ጠፍጣፋ የምትፈልግ ሴት ከቀዶ ሕክምናው በፊት በግልጽ መናገር አለባት። እኔ ቃሉን ስላጣሁት ሸሚዝ እንደምተኩስ አድርጌ በመዳፌ ደረቴን ከላይ እስከ ታች አሻሁ። ሐኪሙ ሳቀና «ገባኝ» አለ። እንዳልኩትም አደረገው።

ቀላል ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ለሁለት ወር ያህል በመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ ፎጣ እሰቅል ነበር። የቀረው ጡቴ ከባድ ስለሆነ ትከሻዬ ወደ ቀኝ ያዘነብል ጀመር። የሲሊኮን ማስመሰያው ውድ ሲሆንብኝ ከጨርቅና ከጥጥ ሰፋሁ፤ ቀልሎ ወደ ላይ ሲወጣብኝም ክብደት እንዲኖረው ሩዝ ጨመርኩበት። አንድ ቀን ረስቼ ከልብስ ጋር አጠብኩት። አብጦ አብጦ የቴታን ትራስ አከለ! ቴታና እኔ እስክናለቅስ ሳቅን።

ከእኛው መካከል ከሆዷ ተወስዶ ጡቷን ያሠራች እህት አለች። አሠሪዎቿ ሦስት ወር አሳርፈዋታል። «ሲነካ ብዙም አይሰማኝም፤ ልብሴን ስለብስ ግን ያው ራሴ ነኝ» ትለኛለች። እሷን ሳይ አንዳንዴ እቀናለሁ። እሷ ደግሞ እኔ ቶሎ ተነሥቼ ሥራ በመጀመሬ እንደቀናችብኝ ነግራኛለች።

ባለፈው ገና ዳውራ ያለች አንዲት ሀበሻ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቀሚስ ላሰፋ ሄድኩ። ሜትሯን ደረቴ ላይ አዙራ ቆም አለችና «በግራ በኩል ጥጥ ልክተትበት?» አለችኝ። ትንሽ አሰብኩ። «አይ፣ እንዳለሁ ስፊው» አልኳት። ቀሚሱ ሻንጣዬ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ለሚያዝያ ፈቃድ ወጥቶልኛል፤ ደሴ ለብሼው እገባለሁ። ለእናቴ ገና አልነገርኳትም።