ከአሥራ አራቱ ጥያቄዎች በፊት

የሰሎሞንን ፍርድ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። እውነቱን ለመናገር የምወደው ሰይፉን ነበር። ሁለት ሴቶች በአንድ ሕፃን ሲካሰሱ ንጉሡ ሕፃኑ ለሁለት ይከፈል ማለቱ፣ እውነተኛዋ እናት መጮኋ... ብልሃቱ ይገርመኛል። ጋዜጠኝነት ስመርጥም እንደዚያ ያለ አንድ ጥያቄ ጠይቄ እውነቱን ላወጣ ነበር ሐሳቤ።

ባለፈው ሴሚስተር ለአሳይመንት ኮልቾ ሄድኩ። ኮልቾ በደቡብ ኦሞ፣ ከኦሞ ወንዝ በላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለች የካሮዎች መንደር ናት። ቱሪስቱ የሚመጣው የሰውነት ቅባቸውን ፎቶ ሊያነሳ ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ሚንጊ ልጽፍ ነበር። በቀድሞው ልማድ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎ ስለሚታመን እንዲኖር አይፈቀድለትም ነበር። ይህን ልማድ የካሮ ሽማግሌዎች በ2004 ዓ.ም. ከልክለውታል።

ደብተሬ ላይ አሥራ አራት ጥያቄ ጽፌያለሁ። አንዲት አሮጊት ፊት እንደቆምኩ የመጀመሪያውን ወረወርኩት፦ «ልጅ ሞቶብዎት ያውቃል?» አስተርጓሚዬ የመንደሩ ወጣት ነው፤ አልተረጎመልኝም። ቀስ ብሎ «መጀመሪያ ቁጭ በል» አለኝ።

ተቀመጥኩ። ብዙ ዝም ብለን ቆየን። በመጨረሻ የጠየቁት እሳቸው ናቸው፦ «እናትህ የወለደቻቸው ሁሉ በሕይወት አሉ?»

ምን ልበል? ከእኔ በፊት የተወለደ ወንድም ነበረኝ፤ በሕፃንነቱ ሞቷል። ይህን አውቃለሁ፤ ስሙን ግን አላውቅም። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እናቴን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

ማታ ቱርሚ አድሬ አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ ሦስትን ገለጥኩ። ሰሎሞን ገባዖን ላይ በሕልሙ ከእግዚአብሔር የለመነው ሀብት ወይም ረጅም ዕድሜ አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን፣ ልመናው በዕብራይስጡ ቃል በቃል ሲፈታ የሚሰማ ልብ ማለት እንደሆነ ነግሮን ነበር። ያኔ ለፈተና ያህል ይዤው አለፍኩ። የሴቶቹ ታሪክ ደግሞ የሚመጣው ወዲያው ከዚህ ልመና ቀጥሎ ነው። ለካ ንጉሡ የእናቲቱን ድምፅ ለይቶ ባይሰማ ኖሮ ሰይፉ ሕፃን ይገድል ነበር እንጂ ምን ሊያደርግ! እኔ ግን የያዝኩት ሰይፉን ብቻ ነበር፤ በእስክርቢቶ መልክ።

ወገኖቼ፣ ጥበብ የጎደለው ይለምን የሚለውን ሁላችንም እንጠቅሳለን። ለምነን የተሰጠን ዕለት ግን ምናልባት የሚሰጠን መልስ ሳይሆን ቁጭ ብሎ የማዳመጥ ትዕግሥት ይሆናል።

ጂንካ ስገባ እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። አጠገቧ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና «እማዬ፣ የወንድሜ ስም ማን ነበር?» አልኳት።

ምጣዱን ከእሳቱ አወረደች። ደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም።