ብረት በሚያልፍበት መንገድ ዳር

ከጅቡቲ የሚመጣው ብረት አዲስ አበባ የሚገባው በእኛ በኩል ነው። ፌሮው፣ ላሜራው፣ ጥቅል ሽቦው በተሳቢ ተጭኖ በአዳማ መንገድ ይመጣና ቃሊቲ ጉምሩክ ጋ ተራውን ይጠብቃል። አሮጌውም ወደዚሁ ይመለሳል፤ ቆራሌው ከየሰፈሩ በማዳበሪያ የለቀመው ውዳቂ አቃቂ ደርሶ ቀልጦ እንደገና ብረት የሚሆን አለ። ቃሊቲ ብረታ ብረትን፣ አቃቂ መለዋወጫን የሰፈራችን ልጅ አፉን ሲፈታ ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ አባቱ ወይም አጎቱ እዚያ ሠርቷል። እኔን ደግሞ በዚህ ሁሉ ብረት መካከል ሌሊት ከእንቅልፌ የሚያስነሳኝ የብረት እጥረት ነው። ይህን የምጽፈው እንደኔ ያለ ሌሊት የሚያሳልፍ፣ የሕመሙን ስም ግን ሰምቶ የማያውቅ ብዙ ሰው በየቤቱ እንዳለ ስለማምን ነው።

ቀን ላይ እግሬ ደህና ነው፤ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ታክሲ ይሰለፋል። መሽቶ ጋደም ስል ግን ከጉልበቴ በታች፣ ባቴ ውስጥ፣ አንድ ነገር ይጀምራል። ሕመም አልለውም። ማሳከክም አይደለም፤ የሚታከክ ቢሆን ቆዳው ላይ ይገኝ ነበር። በሥጋና በአጥንት መካከል ጉንዳን መንገድ ያወጣ ይመስላል። ያቁነጠንጣል። እግሬን ሳንቀሳቅሰው ወዲያው ይለቀኛል፣ መልሼ ሳሳርፈው ይመለሳል። ተነስቼ ወዲያ ወዲህ ስል ደህና ነኝ፤ ችግሩ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ሲል ማደር አለመቻሉ ነው። ሐኪሞች ሕመሙን ለመለየት የሚጠይቁትም ይህንኑ ነው፦ እግርን የማንቀሳቀስ ግፊት አለ ወይ? እረፍት ላይ ይብሳል? ሲንቀሳቀሱ ይቀላል? ማታ ይበረታል? ሌላ ምክንያትስ አልተገኘለትም? እነዚህ ከተሟሉ «እረፍት የለሽ እግር» የሚባለው ሕመም ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከመቶ አዋቂዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ምልክቱ አለባቸው። ሴቶች ላይ ይበዛል፣ በእርግዝና ጊዜ ይብሳል፣ የኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ ሰዎችን አጥብቆ ይይዛል።

አያቴ ማታ ማታ የልጅ ልጆቿን ተራ በተራ እየጠራች «እስቲ ና እግሬን ርገጥልኝ» ትል ነበር። በባዶ እግራችን ባቷ ላይ ቆመን እንረግጥላታለን፤ ትመርቀናለች፤ ትንሽ ታሸልባለች፤ ከዚያ ሌሊት ተነስታ ስትንጎራደድ እንሰማታለን። ብርድ ነው ይባል ነበር። ቅቤ ይቀባል፣ በነጠላ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። ሕመሙ በዘር እንደሚወርድ፣ ከሱ ጋር የተያያዙ የመጀመሪያዎቹ የዘረመል ልዩነቶችም እ.ኤ.አ. በ2007 እንደተገኙ ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት። መታሸቱም፣ መረገጡም፣ ጠበቅ አድርጎ ማሰሩም ዛሬ ሐኪም ከሚመክራቸው ማስታገሻዎች ብዙ አይርቅም። አያቴ ያለ ላቦራቶሪ የደረሰችበትን አክብሬ ነው የምጠቅሰው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ለቅሶ ቤት ነው። ማታ ድንኳን ውስጥ ሰው ዝም ብሎ በተቀመጠበት ሰዓት ሐዘንተኛ ፊት እግርን ማወዛወዝ ደንታ ማጣት ይመስላል፤ ቶሎ ቶሎ ተነስቶ መውጣት ደግሞ ያስወራል። ስለዚህ ዳር ላይ፣ መውጫው አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ውሃ ማቅረብ፣ ወንበር ማቀበል ሲኖር ቀድሜ እነሳለሁ። በአንጻሩ ማኅሌት የሚቆምበት ሌሊት እረፍቴ ነው። ሁሉ ቆሟል፣ ሁሉ መቋሚያውን ተደግፏል፣ በወረቡ ጊዜ ሁሉ ከእግሩ ይንቀሳቀሳል። የኔ እግር ከሰው እግር እኩል የሚሆንበት ሌሊት እሱ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ ይህን ሁኔታ በላቲን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1672 ነው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከተሰቃዮች የተሻለ መተኛት እንደማይሆንላቸው አስተውሏል። ከሱ በኋላ ግን ብዙዎቹ የስሜት መታወክ አድርገው ቆጠሩት። ዛሬ በእኛ ሰፈር «ነርቭ ነው፣ ሐሳብ አታብዛ» የሚባለው ከዚያ አይለይም፤ እንቅልፍ ያጣን ሰው ጠባይህን አስተካክል ማለት በደል ነው ብዬ አምናለሁ። ነገሩን በትክክል ለይቶ ያስቀመጠው ስዊድናዊው የነርቭ ሐኪም ካርል አክሰል ኤክቦም በ1945 ነው። የብረት እጥረት ያለባቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች ላይ እንደሚታይ ልብ አለ። በ1953 ኖርድላንደር የተባለ ሐኪም በደም ሥር ብረት ሲሰጥ ሕመምተኞቹ ተሻላቸው። በ2003 የወጣ ጥናት የሟቾችን አንጎል መርምሮ፣ እንቅስቃሴን የሚያዝበት ክፍል ብረት ያነሰው ሆኖ አገኘው። አንጎል ዶፓሚን የሚባለውን ቅመም ለመሥራት ብረት ይፈልጋል። በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ብረት ደግሞ ማታ ላይ ዝቅ ይላል።

የኤክቦም አገር ስትነሳ ፋፋ የሚባለው የሕፃናት ምግብ ትዝ ይለኛል፤ እሱም የኢትዮጵያና የስዊድን ትብብር ፍሬ ነው። ፋፋ በተጀመረበት ዘመን ይንግቬ ሆፍቫንደር የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም የኢትዮጵያውያንን ደም ሲመረምር ቆይቶ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተመ። ያስገረመው የምንበላው ብረት ብዛት ነበር፤ ምንጩም ጤፍ ነው። ጤፍ ብረት ሞልቶታል የሚለው ኩራታችን እስከ ዛሬ በየማስታወቂያው አለ። በ1980 ግን አብርሃም በሥራትና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ላይ አንድ የማልረሳው ነገር አወጡ፦ ጤፉ በደንብ ታጥቦ ሲለካ ብረቱ ከሌላው እህል ብዙም አይበልጥም። ትርፉ የአፈር ነው። አውድማው ይለቀለቃል፣ በሬ ይዞርበታል፣ ይወቃል፤ ደቂቅ ፍሬ ስለሆነ አፈሩ አብሮት ጎተራ ይገባል። የአፈር ብረት ደግሞ አንጀት ብዙም አይወስደውም። ከእህሉ የሆነውንም ቢሆን ፋይቴት የሚባል ነገር አንቆ ይይዘዋል፤ ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ ይህ የእናቶቻችን ጥበብ ነው። ከዚያ ግን ገና እጃችንን ሳንታጠብ ቡና ይቀርባል፣ ካልሆነ ሻይ፤ ሁለቱም በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ያስቀራሉ። ሥጋ ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ይወሰድ ነበር፤ ጾሙ ረጅም ነው፣ ኑሮውም ከጾሙ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶው 24፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ደግሞ ከመቶው 57 ደም ማነስ ነበረባቸው። ብረት ለዚህ ብቸኛው ምክንያት አይደለም፤ አንዱ ግን ነው። ጤፍን አልከሰውም። ሽሮው አጠገብ ስንግ ቃሪያ ይቀመጥ፣ ሎሚ ይጨመቅ ነው የምለው፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባዋል።

ለኔ የጠቀመኝ መጀመሪያ አንድ የደም ምርመራ ነው፤ ፌሪቲን ይባላል፣ የብረት ክምችትን ይለካል። በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ጠይቆ፣ ከፍሎ ማሠራት ያስፈልጋል። «ሂሞግሎቢንህ ደህና ነው» መባል አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው ብረት አጠረው የሚለው ፌሪቲኑ በሊትር ከ15 ማይክሮግራም ሲያንስ ነው፤ ለዚህ ሕመም ግን ሐኪሞች እስከ 75 ድረስ ያለውን ሰው በብረት ያክማሉ። ስለዚህ 30 ያለው ሰው ወረቀቱ ላይ ጤነኛ ነው፣ ማታ ግን አይተኛም። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነበርኩ። እንክብሉን በሐኪም ትእዛዝ ቀን እየዘለልኩ ዋጥኩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ብረት ያነሳቸው ሴቶች ቀን ዘለው ሲወስዱት ከየዕለቱ ይልቅ የተሻለ እንደሚዋሐዳቸው አሳይቷል። ወራት ፈጅቶ ሌሊቶቼ እየተመለሱ መጡ። የበዛ ብረት ጉበትን ስለሚጎዳ ሳይለኩ መዋጥ አይገባም።

ሁለተኛው፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶችን መፈተሽ ነው። ለጉንፋን የሚሰጡ እንቅልፍ አምጪ እንክብሎች፣ ማስታወክ የሚከለክለው ሜቶክሎፕራማይድ፣ እንቅልፍ ላጣ ሰው የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ይህን ሕመም ሊያብሱት ይችላሉ። ዶፓሚንን የሚመስሉት እነ ፕራሚፔክሶል በመጀመሪያ ተአምር ይሠራሉ፣ እያደር ግን ምልክቱን ከማታ ወደ ከሰዓት፣ ከእግር ወደ ክንድ ሊያዛምቱት ይችላሉ። ስለዚህ በ2025 የታተመው የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ መመሪያ እነሱን ወደ ኋላ አድርጎ ጋባፔንቲንን፣ ፕሪጋባሊንንና በደም ሥር የሚሰጥ ብረትን አስቀድሟል። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ይህን ለመጠየቅ አትፈሩ።

ቡና የምታፈላልን ጎረቤቴን ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት እንድታዘገይልኝ ስለምናት፣ «ቡናስ ለወሬው አይደል እንዴ፣ ወሬው ይቅደም» አለችኝ። አሁን ረከቦቱ የሚቀርበው ወሬው መሀል ሲደርስ ነው። ነፍሰ ጡሯ ልጇ ግን ከጤና ጣቢያ የሰጧትን የብረት እንክብል እስከ ትናንት ድረስ ከሻይ ጋር ስትውጥ አየኋት። ነግሬያታለሁ፤ ደግሜ እነግራታለሁ፤ ከግቢያችን ዛፍም ሎሚ እወስድላታለሁ።